የመጀመሪያዬን ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን) ላስመጣ ነው፤ ለሐረግ ሥራ የቱ ይሻለኛል?

ሐረግ ቀራጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በእጄ ነው የምቀርፀው። ከብራና መጻሕፍት ላይ የምናውቀውን ሐረግ ዋንዛ ላይ በመሮና በመዶሻ አወጣዋለሁ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ወር አንድ ምግብ ቤት የግድግዳ ጌጥ አዘዘኝ፤ 50 በ70 ሳንቲም የሆነ 40 ቁራጭ። በእጅ አንዱ አራት ቀን ይፈጅብኛል። አስሉት። ይሄኛውን ጓደኞቼን ሰብስቤ እንደምንም እወጣዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ግን ማሽን ሊኖረኝ ይገባል።

ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። 3018 የሚሉት ትንሹ፣ 6090 እና 1325። የቻይናው ሻጭ በየቀኑ እየጻፈ 1325ቱን ውሰድ ይለኛል። ቨርጂኒያ ያለው ያክስቴ ልጅ ደግሞ “ከዚህ ገዝቼ ልላክልህ” ብሏል። ወርክሾፔ ኮተቤ የተከራየሁት 4 በ4 ክፍል ነው፤ መብራቱ የቤት ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ።

ሌላም ነገር አለ። አብሮኝ የተማረ ልጅ “ማሽን ካስገባህ አንተም ፋብሪካ ሆንክ ማለት ነው” ብሎኝ ትንሽ ከንክኖኛል። ምን ትላላችሁ?

ቶሎ መላሽ፦

1325 ውሰድ። ትልቅ ማሽን ትንሽ ሥራ ይሠራል፣ ትንሽ ማሽን ግን ትልቅ አይሠራም። አለቀ።

የሳሪሱ አናጺ፦

ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን ምክር አትስማ። 1325 በ4 በ4 ክፍል? ማሽኑ ይገባና አንተ ውጭ ትቀራለህ። የሚሠራበት ስፋት ብቻ 1 ሜትር ከ30 በ2 ሜትር ተኩል ነው። ብረቱ ከዚያ ያልፋል፤ በዙሪያው መዞሪያም ይፈልጋል። እንጨቱን በአየር ስቦ የሚይዘው ባለ ቫኩሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፌዝ ነው። የኪራይ ቤት ላይ ሦስት ፌዝ ለማስገባት ስትል ፀጉርህ ይሸብታል። 3018ቷ መጫወቻ ናት፤ 30 በ18 ሳንቲም። ለማኅተምና ለቁልፍ መያዣ ትሆናለች፣ ዋንዛ ስታይ ግን ትንቀጠቀጣለች። ላንተ 6090 ይበቃል። 60 በ90 ሳንቲም ማለት ነው፤ የአንተ ጣውላ ገብቶ ለማሰሪያውም ቦታ ይተርፋል።

አሁን የኔን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሻጮቹ ይሄን አይነግሩህም።

በ2011 ዓ.ም. 6090 አስመጣሁ። ርካሹን ነው የፈለግሁት። ሻጩ “ሆም ስዊች (ማሽኑ መነሻ ጥጉን የሚያውቅበት ማብሪያ) ብዙ ሰው አይጠቀምበትም፣ ከተውከው እቀንስልሃለሁ” አለኝ። እኔም ጎበዝ ነጋዴ የሆንኩ መስሎኝ ተውኩት። ሦስተኛው ወር ላይ ለአንድ ደንበኛ የበር ፓነል ጀመርኩ። ዋንዛ፣ አንድ ወጥ ጣውላ፣ ሁለት ዓመት ጥላ ሥር ያደረቅሁት። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ሰባተኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ቢቱ (እንጨቱን የሚቆርጠው ስለት) እንጨቱ ውስጥ እንደተቀረቀረ ቆመ።

መብራት ሲመጣ ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም። ለሱ ስታበራው ያለበት ቦታ ዜሮ ነው። በማስመሪያ ከማዕዘኑ ለካሁ፣ በዓይኔ አነጣጠርኩ፣ ቀጠልኩ። አንድ ሚሊ ሳትኩ። ሐረግ ላይ አንድ ሚሊ ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። አንዱ ገመድ በሌላው ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ መስመሩ ተሰበረ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ሰም ቀባሁት፣ ከሩቅ አይታይም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደንበኛው መጣና ዝም ብሎ እጁን አሳለፈበት። ጣቱ እዚያው ቆመ። ፓነሉ አሁን ሱቄ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ሆኖ አለ፤ ሻይ እንጠጣበታለን።

ስለዚህ ስለ ስፋትና ስለ ዋጋ ከመጨቃጨቅህ በፊት ሆም ስዊች በሦስቱም አቅጣጫ እንዳለው ጠይቅ። ስዊች ያለው ማሽን መብራት ሲመጣ ወደ ጥጉ ሄዶ ይነካል፣ ቤቱን ያገኛል። ከዚያ የሥራህን ዜሮ (የመነሻ ነጥቡን) ያውቃል፤ ከቆመበት መስመር ጥቂት ወደ ኋላ መልሰህ ታስነሳዋለህ። ሻጩን በወሬ አትመነው። ማሽኑን አጥፍቶ፣ አብርቶ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክ። የሥራህን ዜሮ ቁጥሮች ደግሞ ጣውላው ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፍ። እኔ እስከ ዛሬ እጽፋለሁ።

“ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ልግዛለት” ትል ይሆናል። ተጠንቀቅ። ትንሿ ዩፒኤስ 2.2 ኪሎዋት ስፒንድል (ቢቱን የሚያሽከረክረውን ሞተር) አትሸከምም። ኮንትሮለሩንና ሞተሮቹን ብቻ እሷ ላይ ካደረግህ፣ መብራት ሲሄድ ስፒንድሉ ይቆማል፣ ማሽኑ ግን መጎተቱን ይቀጥላል። ቢቱ ይሰበራል። እኔ ሁለት ሰብሬበታለሁ።

ስለ ጊዜ ሻጩ የሚልክልህን ቪዲዮ እርሳው፤ ፍጥነቱ የተጨመረ ነው። ራስህ አስላው። 50 በ70 ሳንቲም ሙሉውን በሦስት አቅጣጫ ቅርፅ ልታወጣው ነው እንበል። ጫፉ 1 ሚሊ በሆነ ክብ ቢት፣ በየመስመሩ 0.1 ሚሊ እየተራመድክ ስትሄድ መንገዱ 3,500 ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 2 ሜትር ቢሄድ 29 ሰዓት ነው። ለአንድ ቁራጭ! ባለ 3 ሚሊ ቢት በ0.3 ሚሊ እርምጃ ብታደርገው ወደ 10 ሰዓት ይወርዳል። ሐረግ ግን በመሠረቱ መስመር ነው። ጫፉ የሾለ ባለ 60 ዲግሪ ቪ ቢት መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሰፊው ጋ ይጠልቃል፣ ጠባቡ ጋ ይነሳል፣ የሾለውን ጥግም ያወጣዋል። የኔ ማሽን ያንተን የሚያህል ጣውላ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ይጨርሳል። ሦስት አቅጣጫውን ለመላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ አስቀረው።

የቀረውን ባጭሩ። ቦል ስክሩ (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለ ኳስ ብሎን) ይኑረው፣ ሐዲዱ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘኑ ይሁን። ስፒንድሉ 2.2 ኪሎዋት፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎረቤትህ ያመሰግንሃል። ኮሌቱ (ቢቱን የሚይዘው) ኢአር 20። ከኮምፒውተር ላይ በማክ 3 ፕሮግራም የሚታዘዘውን ተው። በፓራለል ፖርት የሚሠራው 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሄድልህም፣ ላፕቶፕም ሰጋቱራ ውስጥ ዕድሜ የለውም። በእጅ የሚያዘውን ዲኤስፒ መቆጣጠሪያ ውሰድ፤ ፋይሉን በፍላሽ ታስገባለህ፣ ብዙዎቹ መብራት ሲጠፋ የደረሱበትን መስመር ይይዛሉ። ኧርዝ በትክክል አስገባ፤ ያለ ኧርዝ ማሽኑ ሥራው መሀል ላይ ያብዳል። እንጨቱ እየጠቆረ ከመጣ ደግሞ ዝግ ብለህ አትሂድ። ቢቱ አንድ ቦታ እየተሽከረከረ እያቃጠለው ነው፤ ፍጥነት ጨምር ወይም ዙሩን ቀንስ።

ከማሽኑ ጋር አብረህ እዘዝ፦ ትርፍ ኢንቬርተር (የስፒንድሉን ዙር የሚቆጣጠረው ሣጥን)፣ የውኃ ፓምፕ፣ ካፕሊንግ (ሞተሩን ከብሎኑ የሚያያይዘው)፣ ኮሌቶች፣ ቢት በብዛት። የኔን ኢንቬርተር መብራት ሲመጣ በኃይል መጥቶ አቃጥሎት ሁለት ወር ከግማሽ ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኜ ሳየው ከረምኩ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ያክስትህን ልጅ አመስግነህ ተወው። እዚህ አሜሪካ የሚሸጡት ትንንሾቹ ብዙዎቹ በእጅ የሚያዝ ራውተር ታስሮባቸው ነው የሚሠሩት፣ እሱም 120 ቮልት ነው። ኢትዮጵያ 220 ላይ ከሰካኸው በጭስ ይሰናበትሃል። ትራንስፎርመር ይቻላል፣ ግን ለምን? ሁለተኛ፣ እዚህ የቢቱ እጅ ብዙውን ጊዜ ሩብ ኢንች ነው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው፤ ከቻይናው ማሽን ጋር በሚመጣው 6 ሚሊ ኮሌት አይገባም። እኔ ለወንድሜ አንድ ሻንጣ ሙሉ ቢት ይዤለት ሄጄ አንዱም አልገባለትም። የሩብ ኢንች ኮሌት ካዘዝክ ብቻ ቢት በሰው ላክልኝ በለው፤ ጥሩ ቢት ትልቅ ስጦታ ነው።

ትራንዚተር ነኝ፦

ከጉምሩክ በኩል ሁለት ነገር። ኢንቮይሱ ላይ “ማሽን” ብቻ ተጽፎ አይምጣ። የእንጨት መሥሪያ ማሽን መሆኑ፣ ሞዴሉና ኪሎዋቱ ይጻፍ። የእንጨት ማሽኖች ታሪፍ የሚጀምረው በ8465 ነው። መግለጫው ግልጽ ካልሆነ ሌላ ቁጥር ውስጥ ገብተህ ስትከራከር ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥርብሃል። ሻጩ “ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ልጻፍልህ” ካለህ እሺ አትበል። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፤ የባንክ ወረቀትህም ይጋጫል።

ሁለተኛ፣ ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። መድኑና ማጓጓዣው ይደመራል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡም ከተደመረ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ “ማሽኑ ይሄን ያህል ዶላር ነው” ብለህ በጀት አትያዝ። ሣጥኑ ጣውላ ከሆነ የሙቀት ሕክምና ማኅተሙ ይኑርበት። ከመክፈልህ በፊት ዶክመንቶቹን ለትራንዚተርህ አሳይ፤ ሁሌም ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው የሚደወልልን።

ሐረግ ቀራጭ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ ጋሼ የሳሪሱ፣ የአግዳሚ ወንበሩን ታሪክ ለጓደኞቼ አንብቤላቸው ሳቅን፤ ከዚያ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ለሻጩ ስለ ሆም ስዊቹ ጻፍኩለት። “አለው” አለ። ቪዲዮ ስለው ሁለት ቀን ጠፋ። ከዚያ “60 ዶላር ይጨመራል” ብሎ ተመለሰ። ለካ አልነበረውም!

የጓደኛዬን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የሳሪሱ አናጺ፦

ልጁ እውነት አለው፣ ሐረጉን ከኢንተርኔት አውርደህ የምታወጣ ከሆነ። አንተ ግን ስምንት ዓመት ስትስለው ኖረሃል፤ ያንኑ ነው ኮምፒውተር ላይ የምትስለው። ደግሞ ቪ ቢት የተወው ነገር አለ። ገመዱ ከላይ ሲያልፍ ጀርባው ትንሽ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ማሽኑ ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚተወው። እኔ እያንዳንዱን ማቋረጫ በመሮ እነካዋለሁ፤ ለአንድ ቁራጭ ሦስት ሰዓት። መሮህን አትሽጥ።

60 ዶላሩን ክፈለው። ቪዲዮውን ግን ሳታይ ቀብድ አትላክ። ሲመጣልህ ደግሞ ሳሪስ ብቅ በል፤ የመጀመሪያ ቀን ውኃውን ሳይከፍት ስፒንድል ያስነሳ ሰው አውቃለሁ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን እነግርሃለሁ።