ፔቲሽኑን ልፈርም ወይስ ልተወው?

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምንኖርበት ሰፈር ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ግቢ ያላቸው ናቸው። መንገዳችን ጥግ ላይ ለዓመታት ባዶውን የቆየ ሰፊ ቦታ አለ። አሁን አንድ አልሚ ገዝቶት ባለ 12 ፎቅ አፓርትመንት ሊሠራበት ፈቃድ ጠይቋል። እኛ ቤቱን ከገዛን ገና ሦስት ዓመታችን ነው። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ጎረቤቶቻችን በር አንኳኩተው "ፈርሙልን" አሉ። ሰፈሩ ይበላሻል፣ ፓርኪንግ ይጠፋል፣ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል ነው የሚሉት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ የገባን ቀን ዕቃ ያወረዱልን እነሱ ናቸው። ባለቤቴ "ፈርምላቸውና ተገላገል" ትለኛለች። እኔ ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ነገ ስል አራት ቀን አለፈ። ይሄ ነገር የገጠመው አለ? ምን አደረጋችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ እኔን ገጥሞኛል። ፈርሜያለሁም። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው፤ ሕንፃው ባለ ስድስት ፎቅ ነበር። ስለ ፈቃዱ የተጠራው ስብሰባም ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ተከራክረን ተከራክረን ወደ አራት ፎቅ አወረድነው። አሸነፍን ብለን ደስ አለን። ከሁለት ዓመት በኋላ የእህቴ ልጅ ሥራ አግኝታ እኛ ወዳለንበት መጣች። የሚከራይ ቤት ስንፈልግ ስንፈልግ እዚያው የተቃወምኩት ሕንፃ ደጃፍ ደረስን። "ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ" አሉን። ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ምድር ቤታችን ውስጥ ከረመች። የተቆረጡት ሁለት ፎቆች ስንት ቤት ይወጣቸው እንደነበር የቆጠርኩት ያን ጊዜ ነው። ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ወረቀቱን አንብበው። ጎረቤት የሚያነሳው ሁሉ ወሳኙ አካል የሚመዝነው አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ "የቤቴ ዋጋ ይወርዳል" ወይም "ከመስኮቴ የማየው ይጋረድብኛል" ብትል ፈቃዱን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ትራፊክ፣ ድምፅ፣ ግቢህን ቁልቁል የሚያይ መስኮት፣ የብርሃን መቀነስ ግን ይመዘናሉ።

ብርሃን ካልን ደግሞ አገር ከአገር ይለያያል። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1832 የወጣ ሕግ አለ። በአንድ መስኮት 20 ዓመት ሳይቋረጥ ብርሃን ከገባ ለባለቤቱ መብት ይሆንለታል፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊጠይቅበት ይችላል። አሜሪካ ስትሄድ ነገሩ ሌላ ነው። ማያሚ ቢች ላይ ፎንተንብሎ የሚባለው ሆቴል ባለ 14 ፎቅ ተጨማሪ ሕንፃ ሲሠራ፣ በብርድ ወራት ከሰዓት በኋላ ጥላው የጎረቤቱን ሆቴል መዋኛ ይሸፍን ነበር። ጎረቤቱ ከሰሰ። የፍሎሪዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1959 "በጎረቤትህ መሬት ላይ አልፎ የሚመጣ ፀሐይ መብትህ አይደለም" የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ ሰጥቶ አሰናበተው። ፀሐይ የሚሸጥ ሆቴል ፀሐይ አጣ። ባለህበት አገር የትኛው እንደሚሠራ ሳታጣራ ስብሰባ ላይ አትነሣ።

ወረቀቱ ላይ "የሰፈሩ ባሕርይ" የሚል ነገር ካየህ ደግሞ ቆም በል። የዚህ ቃል ታሪክ ረጅም ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 ኦሃዮ ውስጥ ዩክሊድ በምትባል መንደር ጉዳይ ላይ ፈረደ። ዞኒንግ፣ ማለትም የትኛው ቦታ ላይ ምን ይሠራ የሚለው ደንብ፣ ሕጋዊ ነው አለ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ በግል ቤቶች መካከል የሚሠራን አፓርትመንት ብዙውን ጊዜ ሌሎች ባሳመሩት ሰፈር የሚጠቀም "ጥገኛ" ነው ብለው አስቀመጡት። ጥገኛ! ስንቶቻችን ነን ጥገኝነት ጠይቀን መጥተን ጥገኛ ሕንፃ ውስጥ የገባነው? የእኔ የመጀመሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ያን ሕንፃም አንድ ሰው ተቃውሞት ይሆናል።

ስብሰባው ላይ የምታየው ሰው ሁሉ ተቃዋሚ ሆኖ ቢታይህ አትገረም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቦስተን ዙሪያ ያሉ የ97 ከተሞችን ቃለ ጉባኤ አገላብጠው ነበር። አዲስ ቤት እንዲሠራ ደግፎ የተናገረው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ተናጋሪዎቹም ከሌላው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉና የቤት ባለቤት የሆኑ ናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው። ስብሰባው ማታ ነው። የማታ ፈረቃ ያለው አይመጣም፣ ሕፃን የያዘች አትመጣም። ሕንፃው ውስጥ የሚገባው ሰው ደግሞ ገና ሰፈሩን አያውቀውም።

የዋጋውን ጭንቀት አልንቀውም። ሞርጌጅ ላይ ያለ ሰው ያስባል። ነገር ግን "ይወድቃል" ያሉህን ሰዎች ከየት እንዳመጡት ጠይቃቸው።

መልስ፦
ሰላም፣ እኔ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ነው የምኖረው። እዚህ ከተማው በ2016 ከመኖሪያ መሬቱ ሦስት አራተኛ በሚሆነው ላይ ከበፊቱ የበዙ ቤቶች እንዲሠሩ ፈቀደ። ያኔም ብዙ ጩኸት ነበር። በዓመት 10,000 አካባቢ የነበረው የቤት ግንባታ ፈቃድ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ20,000 አለፈ። አብዛኛው ግን ፎቅ አይደለም፤ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች ናቸው። የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ሰው ሁሉ የሚጣላው ስለ 12 ፎቅ ነው፤ መካከለኛውን ግን ማንም አያነሳውም።

መልስ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ከቤታችን ጀርባ ባለ 14 ፎቅ ተሠርቷል። ሁለት ዓመት ተኩል ቁፋሮና ክሬን ነበር። የልጄ መኝታ ክፍል መጋረጃ ተከፍቶ አያውቅም፤ ከበረንዳ ቁልቁል ያዩናል። አልሚው ያሳየን የሕንፃው ሥዕል ላይ የልጆች መጫወቻ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ መኪና ይቆማል። ስንጠይቅ "ሥዕሉ ማሳያ ብቻ ነው" ተባልን። ስለዚህ ጎረቤቶችህን እንደ ክፉ ሰዎች አትያቸው። ፈርምም አትፈርምም አልልህም። ግን አልሚው ስብሰባ ላይ የሚናገረውን ሁሉ ፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ አስጽፉት። ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው።

መልስ፦
እውነትሽን ነው እህቴ። ይሄን በመጀመሪያው መልሴ ላይ ማለት ነበረብኝ። ወንድሜ፣ የፈቃድ ፋይሉን ማየት መብትህ ነው፤ ብዙ ቦታ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ቀኑን ግን አትርሳ። እንግሊዝ ውስጥ አስተያየት የሚቀበሉት ብዙውን ጊዜ ለ21 ቀን ነው። የጥላ ጥናት፣ ማለትም የሕንፃው ጥላ መቼ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ወረቀት፣ ካለ አውጣው፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከሆንክ ጥላው ረጅም የሚሆነው በዲሴምበር ስለሆነ ያንን ገጽ እይ። ከግል ቤቶቹ ጋር የሚዋሰኑት የላይኛዎቹ ፎቆች ወደ ኋላ ገባ ይበሉ፣ የሥራ ሰዓት ይወሰን፣ የጭነት መኪና መግቢያው በዋናው መንገድ ይሁን፣ አቅሙ ላነሰ ሰው የሚከራዩ ቤቶች ስንት ናቸው ብለህ ጠይቅ። "ጭራሽ አይሠራ" ከሚል መቶ ፊርማ፣ እንዲህ ዓይነት አንድ ጥያቄ መልስ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። እኔ ያየሁት እንደዚያ ነው።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አልፈረምኩም። ፊት ለፊት ልንገራቸው ብዬ ሄድኩ። አንደኛው ፊቱን አጠቆረብኝ፤ እስካሁን ሰላምታው ቀዝቀዝ ብሏል። ሁለተኛዋ ግን "ታዲያ ምን ልትል ነው?" አለችኝ። የጥላ ጥናቱን ስልኬ ላይ አሳየኋት። በዲሴምበር ከሰዓት በኋላ ጥላው የሚያርፈው እሷ ግቢ ላይ ነው፤ የእኛን አይነካም። ፔቲሽኑን ይዛ ስትዞር የሰነበተችው እሷ ናት፣ ይሄን ግን አላየችውም ነበር። ሐሙስ ስብሰባው ላይ አብረን እንሄዳለን። የላይኛዎቹ ፎቆች ወደ ኋላ ይግቡ የሚለውን እሷ ትናገራለች። የጭነት መኪናው መግቢያ የእኔ ነው።