ዓይን የሚሞላ የውጊያ አኒሜ ከዘመኑ ያልፋል ወይ?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ብዙዎቻችን «ዴሞን ስሌየር» በሚለው ስሙ የምናውቀው የጃፓን አኒሜ (በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠራ ተከታታይ) እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀምር፣ ዩፎቴብል የተባለው ስቱዲዮ ለሰይፍ ውጊያዎቹ ያወጣው የሥዕል ውበት የተመልካቹን ዓይን ማርኳል። በ2020 የወጣው የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ፊልም «የሙገን ባቡር»ም «ስፒሪትድ አዌይ» ከ2001 ጀምሮ ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰብሮ በጃፓን ሲኒማ ታሪክ ከፍተኛውን ገቢ አስገብቷል። እኔ ግን ብዙ ገቢ ማስገባትና ብዙ ዘመን መኖር አንድ ናቸው ብዬ አላምንም። ከ20 ዓመት በኋላ ዛሬ የሚያስደንቀን የሥዕል ብቃት ተራ ነገር ሲሆን፣ ይህን ሥራ ፈልጎ የሚያይ ሰው ይኖራል ወይ? ክርክራችን በዚህ ላይ ብቻ ቢወሰን ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦
አይኖርም ባይ ነኝ። አኒሜው የተወሰደበት የኮዮሃሩ ጎቶጌ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ መታተም የጀመረው በ2016 ሲሆን፣ ሽያጩ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የደረሰው ግን አኒሜው ከታየ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዝናው በአብዛኛው የሠዓሊዎቹ እንጂ የታሪኩ አይደለም። ታሪኩን ብቻውን እንየው፦ ታንጂሮ ቤተሰቡን በጋኔን ያጣል፣ ከሞት የተረፈችው እኅቱ ኔዙኮ ራሷ ጋኔን ትሆናለች፣ እርሱም ሰይፍ ተምሮ ከደካማው ጋኔን ወደ ብርቱው እያለ ይወጣል። ብዙ የተሄደበት መንገድ ነው። የ19ኛውን ክፍል ፍልሚያ መጀመሪያ ሳየው ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን የውኃው ሰይፍ መቼ ወደ እሳት እንደሚለወጥ ስለማውቅ ያ ስሜት አልተመለሰልኝም። መደነቅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦
የ«አኪራ» ፊልም ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ካትሱሂሮ ኦቶሞ ፊልሙን በ1988 ሲያወጣው የራሱ ማንጋ ገና አልተጠናቀቀም ነበር፤ ከ2,000 ገጽ በላይ የሚሆነው ታሪክ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ በመጨመቁ፣ ዛሬም ቢሆን በአንድ ጊዜ እይታ ሴራውን አጥርቶ የሚተርክ ተመልካች ጥቂት ነው። ሆኖም ከ160,000 በላይ ሥዕሎች በእጅ ተቀብተው የተሠራው ያ ፊልም፣ በሌሊት ከተማ ውስጥ የሚፈተለኩት ሞተር ብስክሌቶች ከኋላቸው የሚጥሉትን የቀይ ብርሃን ጅራት ጨምሮ፣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ይታያል፣ ይጠናል፣ ይቀዳል። ታሪኩ የተደናገረ፣ ሥዕሉ ግን ሕያው የሆነ ሥራ ይህን ያህል ከቆየ፣ ውበት ብቻውን ዕድሜ አይሰጥም ማለት እንዴት ይቻላል?

ሦስተኛው ተከራካሪ፦
ሁለታችሁም ሥዕልን ከታሪክ ነጥላችሁ በመመዘናችሁ የተሳሳታችሁ ይመስለኛል። በ«አኪራ» ውስጥ ቴትሱዎ የተባለው ልጅ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይሉን መግዛት ተስኖት ሥጋው በስታዲየሙ ውስጥ እያበጠ ሲፈስ የምናየው ትርኢት፣ ከታሪኩ ጎን የተቀመጠ ጌጥ ሳይሆን ታሪኩ ራሱ ነው። ሴራው ቢጠፋን እንኳ የልጁ ፍርሃት አይጠፋንም።

በ«ዴሞን ስሌየር»ም ቢሆን እኔን ደጋግሞ የሚመልሰኝ የ19ኛው ክፍል እሳት አይደለም፤ ከእርሱ ጥቂት ክፍሎች በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ነው። ሌሎችን አስገድዶ «ቤተሰብ» ያደረገው ጋኔን ሩዪ አንገቱ በጋኔን አዳኙ ጊዩ ቶሚዮካ ሰይፍ ተቀንጥሶ ራስ የሌለው ትንሽ አካሉ ሲወድቅ፣ የሰውን ስሜት በማሽተት የሚለየው ታንጂሮ ከዚያ አካል የሚወጣውን ታላቅ ኀዘን አሽትቶ እጁን በጀርባው ላይ ያሳርፋል። አካሉ በንኖ ልብሱ ብቻ ሲቀር ጊዩ ይረግጠዋል፤ ታንጂሮም እግሩን እንዲያነሣ ይጠይቀዋል። በዚያች ቅጽበት የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ መሬት ላይ የተነጠፈ ልብስ፣ በላዩ የቆመ እግር፣ በቃ። ነገር ግን የቀደመው ፍልሚያ ያን ያህል ባይንቀለቀል ኖሮ ይህ ጸጥታ ባልከበደ ነበር። የመጀመሪያው ተከራካሪ ሆይ፣ እርስዎ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት መደነቁን ፈልገው አጡት፤ እኔ ሩዪ ቀድሞ ማን እንደነበር አውቄ ዳግም ሳየው ግን ውጊያው ራሱ አሳዘነኝ።

የሥዕሉ ብልሃት ያረጃል የሚለውንም በጥንቃቄ መናገር ይገባል። በኮምፒውተር የተሠሩ አንዳንድ ትዕይንቶች ሊያረጁ ይችላሉ፣ ይህን አልክድም። የታንጂሮ ሰይፍ የሚያፈልቀው ውኃ ግን በወፍራም መስመርና በነጭ አረፋ የተሣለው የጃፓንን የጥንት የእንጨት ኅትመት ተከትሎ ነው፤ የጃፓናዊው ሠዓሊ የሆኩሳይ «ታላቅ ማዕበል» ሥዕል ከ1830ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሳያረጅ እዚህ መድረሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦
ስለ ሩዪ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ያን ትዕይንት እኔም አልረሳሁትም። ሆኖም አንድ ልብስና አንድ እግር ይህን ሁሉ ተከታታይ ሊሸከሙ አይችሉም። በ«የሙገን ባቡር» መጨረሻ ላይ ያለው የጋኔን አዳኙ ሬንጎኩና የጋኔኑ አካዛ ፍልሚያ ከብልጭታና ከፍጥነት ሌላ ምን አለው?

ሦስተኛው ተከራካሪ፦
ንጋት አለው። ፍልሚያው በሙሉ የሚገፋው ፀሐይ እስክትወጣ ነው፤ አካዛም ብርሃኑን ፈርቶ ወደ ጫካው ሲሸሽ ታንጂሮ ሰይፉን ከኋላው ወርውሮ፣ የሸሸኸው አንተ ነህ፣ ከተሳፋሪው አንድ ሰው እንኳ አልሞተምና ያሸነፈው ሬንጎኩ ነው እያለ እንደ ሕፃን ይጮኻል። ያን ሁሉ የእሳት ቀለም ያየው ዓይን ከዚያ በኋላ የሚያየው ተራ የጠዋት ብርሃን ነው፤ ሬንጎኩ ተንበርክኮ በፈገግታ የሚሞተውም በዚያው ብርሃን ውስጥ ነው። ሠዓሊዎቹ ውበታቸውን ሁሉ አውጥተው ካሳዩን በኋላ መልሰው የሰበሰቡት ለዚህ ነበር፤ እባክዎ ፊልሙን ከዚህ ላይ ጀምረው አንድ ጊዜ ይዩትና ያገኙትን ይንገሩን።