ጨረቃ የምትጎድለው የመሬት ጥላ እያረፈባት ነው?

ተማሪ (9ኛ ክፍል)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን መስማማት አቃተን። እሷ ጨረቃ ግማሽ የምትሆነው የመሬት ጥላ ስለሚሸፍናት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ጥላው የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ግን "ታዲያ ምንድን ነው የሚሸፍናት?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። ሌላም ጥያቄ አለኝ። ጨረቃ በየወሩ መሬትን የምትዞር ከሆነ ለምንድን ነው በየወሩ ግርዶሽ የማይኖረው? ለፈተና ብቻ ብዬ አይደለም፤ በደንብ እንዲገባኝ ስለምፈልግ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦
ልክ ነሽ፣ አሁንም ድርቅ በይ። ጨረቃን በየወሩ የሚሸፍናት ምንም ነገር የለም።

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። የምናየው ከላይዋ ነጥሮ የሚመጣውን የፀሐይ ብርሃን ነው። ግርዶሽ ካልሆነ በቀር ፀሐይ ሁልጊዜ የጨረቃን ግማሽ አካል ታበራለች። የበራው ግማሽ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለዋወጠው ከዚያ ግማሽ ውስጥ ወደ እኛ የሚዞረው መጠን ነው። ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መካከል ስትሆን የበራው ፊቷ ወደዚያ፣ ወደ ፀሐይ ነው። ለእኛ የሚደርሰን ጨለማው ወገን ስለሆነ አናያትም፤ አዲስ ጨረቃ የምንለው ይህ ነው። ከፀሐይ ተቃራኒ ስትሆን የበራው በሙሉ ወደ እኛ ይዞራል፤ ሙሉ ጨረቃ ሆነች ማለት ነው። በጎን ስትሆን ደግሞ የበራውን እኩሌታ ብቻ እናያለን።

ለጓደኛሽ ግን ይህን ሁሉ ከመንገርሽ በፊት ሰማዩን አሳያት። እየሞላች ያለች ግማሽ ጨረቃ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ትታያለች። በአንድ እጅሽ ጨረቃን፣ በሌላው ፀሐይን ጠቁሚ። (ፀሐይን በቀጥታ እንዳታዪ፤ ያለችበትን አቅጣጫ ማወቅ ይበቃል።) በሁለቱ እጆችሽ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። አሁን ጠይቂያት፦ የመሬት ጥላ የት ነው ያለው? ጥላ የሚወድቀው ከብርሃኑ በተቃራኒ ነው። ፀሐይ ከላያችን ካለች የመሬት ጥላ ከእግራችን በታች፣ በወዲያኛው በኩል ወደ ጠፈር ተዘርግቷል። ጨረቃ ደግሞ ይኸው ከላያችን ናት። በምን መንገድ ዞሮ ይደርስባታል? እንዲያውም የበራው ጎኗ ወዴት እንደሚያመለክት ተመልከቱ፤ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። እሱን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ክፍሉን አጨልሚና አንድ አምፖል ብቻ አብሪ። ኳስ ይዘሽ ክንድሽን ዘርጊ። ጭንቅላትሽ መሬት ነው፣ ኳሱ ጨረቃ፣ አምፖሉ ፀሐይ። ፊትሽን ወደ አምፖሉ አድርገሽ ጀምሪ፤ ኳሱ ጨለማ ሆኖ ይታይሻል። በቆምሽበት ቀስ እያልሽ ወደ ግራ ዙሪ። ሩብ ዙር ላይ የኳሱ ቀኝ ጎን ይበራል፤ ግማሽ ጨረቃ። ጀርባሽን ለአምፖሉ ስትሰጪ ግን የጭንቅላትሽ ጥላ ኳሱን ይሸፍነዋል። የጨረቃ ግርዶሽ እሱ ነው። አሁን ኳሱን ከጭንቅላትሽ ከፍ አድርጊው። ወዲያው ሙሉ ሆኖ ይበራል።

በሰማይም የሚሆነው እንደዚሁ ነው። የጨረቃ ምሕዋር (መሬትን የምትዞርበት መንገድ) ያለበት ጠለል፣ ማለትም ዝርግ ገጽ፣ መሬት ፀሐይን ከምትዞርበት ጠለል 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። 5 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው። በዚያ ርቀት ላይ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ያደርጋታል። የመሬት ሙሉ ጥላ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ስፋቱ 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ግርዶሽ የሚሆነው ሙሉ ወይም አዲስ ጨረቃ የምትሆንበት ጊዜ ሁለቱ ጠለሎች ከሚቆራረጡበት ቦታ ጋር ሲገጥም ነው። ይህ ዕድል በየስድስት ወሩ ገደማ ይመጣል።

ሌላ አንባቢ፦
መምህር ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። አንድ ነገር ልጨምር። በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ የጥላውን ጠርዝ ብታዩ ሁልጊዜ የክብ ቁራጭ ነው። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል መሬት ድቡልቡል ናት ካለበት ማስረጃ አንዱ ይህ ነበር። የግማሽ ጨረቃ የጨለማና የብርሃን ድንበር ግን ቀጥ ያለ መስመር ነው። የመሬት ጥላ ቢሆን ኖሮ ቀጥ አይልም ነበር።

ተማሪ (9ኛ ክፍል)፦
በጣም አመሰግናለሁ! በኳስ ሞከርነው፤ ጓደኛዬም አመነች። መምህር፣ ይቅርታ ላስቸግርዎትና ሁለት ነገር ልጠይቅ። ጨረቃ ቀጭን ስትሆን የተቀረው አካሏ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ፀሐይ ካላበራችው ከየት መጥቶ ነው? ደግሞ አንድ ቦታ ጨረቃ በ27 ቀን ትዞራለች ይላል፣ ሌላ ቦታ 29 ተኩል። የቱን ልያዝ?

የፊዚክስ መምህር፦
ምንም ማስቸገር የለውም፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደስ ይለኛል። ያ ደብዛዛ ብርሃን ከእኛው ከመሬት የሚሄድ ነው። የፀሐይ ብርሃን መሬት ላይ፣ በተለይ ደመናዋ ላይ፣ ነጥሮ ጨረቃ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ላይ ሆኖ መሬትን የሚያይ ሰው ሙሉ ልትሆን ጥቂት የቀራት ብሩህ መሬት ያያል።

ሁለቱንም ቁጥሮች ያዢ። ጨረቃ ከከዋክብት አንጻር ዙሯን የምትጨርሰው በ27.3 ቀን ነው። ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ መሬት ራሷ በፀሐይ ዙሪያ 27 ዲግሪ ያህል ተጉዛለች። ስለዚህ ጨረቃ ከፀሐይና ከመሬት ጋር እንደገና በዚያው አሰላለፍ ለመገጣጠም ሁለት ቀን ከምናምን መጨመር አለባት። ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ 29.5 ቀን የሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። የጨረቃን ግርዶሽ በባዶ ዓይን እንደፈለጋችሁ ተመልከቱ፤ ምንም አያደርግም። የፀሐይን ግርዶሽ ግን ለዚያ ከተሠራ መነጽር ውጪ እንዳታዩ። ተራ የፀሐይ መነጽር፣ ሁለት ሦስቱን ደርባችሁ ብታደርጉትም፣ ዓይናችሁን አያድነውም።