ከሌላ ዘመን የመጡትን ሰዎች እንዴት አስፈሪ ላድርጋቸው?

ጠያቂ፦ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ አጭር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ቦታው ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ ጸጥ ያለ ሪዞርት። ሦስት ሰዎች ከ1969 ዓ.ም. መጥተው አንዲት ልጅ ይፈልጋሉ። ሽጉጥ ሁሉ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ግን በጭራሽ አያስፈሩም። ምን ልጨምር?

መልስ 1፦ ሽጉጡን ከታሪኩ አውጣው። ትህትና ይበልጥ ያስፈራል። ስሟን ከነአያቷ ይጥሩ። ሒሳብ ሲከፍሉ የዱሮ ብር ያውጡ፤ ኖቱ በ2013 ስለተቀየረ አስተናጋጇ ግራ ትጋባለች።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ የመጋቢት 1969ን የደርግ አሰሳ አትርሳ። አዲስ አበባ ቤት ለቤት ነበር የተፈተሸው። እናቴ ያኔ ፒያሳ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ማታ በር ሲንኳኳ ድምጿ ይጠፋል። ሰዎችህ በር ያንኳኩ፣ በቃ። የቀረውን የሪዞርቱ ጸጥታ ይሠራዋል።

መልስ 3፦ ልጅቷስ ከየት ናት?

ጠያቂ፦ ከዚያው ዘመን ያመለጠች ናት። አሁንም 20 ዓመቷ ነው።

መልስ 3፦ እንግዲያው ታውቃቸዋለች! እየዋኘች ሳለ ዳር ላይ ቆመው ስታያቸው ጀምር። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ጠልቃ ብትገባ ከላይ አትታይም። ግን ትንፋሿን እስከ መቼ ትይዛለች?