ዮሐንስ 11፥48፦ የፈሩት ሮምን ነው ወይስ ጌታን?

የጅማዋ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ፈረንጅ አራዳ እኛ ቤት ከጎረቤት ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። ባለፈው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለማንሰማማ ተጠጋግተን ተቀምጠን ዮሐንስ 11ን አነበብን። አልዓዛር ሲነሳ ደስ አለን፣ የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ስለ ጌታ ሲመካከሩ በተናገሩት፣ ቁጥር 48 ላይ ግን ቆምን። «እንዲሁ ብንተወው ሁሉ በእርሱ ያምናሉ፤ የሮሜም ሰዎች መጥተው አገራችንን ወገናችንንም ይወስዳሉ» ይላል። ሰው ከሞት ስለተነሳ ሮም ምን አገባት? እናቴ «ምቀኝነት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል» አለች። ወንድሜ ደግሞ የምር ፈርተው ነው ባይ ነው። በረካው እስኪወርድ ተከራክረን አልተስማማንም። እባካችሁ የገባችሁ አስረዱኝ።

ሂርማታ ሰፈር፦
እህቴ፣ እኔ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። ሮም የይሁዳን ምድር በራሷ ገዢ ማስተዳደር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ6 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሮም ባደረገችው የሕዝብ ቆጠራ ምክንያት የገሊላው ይሁዳ ሕዝብ አስነስቶ ነበር፣ መጨረሻው ሐዋ 5፥37 ላይ አለ። ጌታንም ሕዝቡ ሊያነግሠው ፈልጎ እንደነበር ዮሐ 6፥15 ይናገራል። አሁን ደግሞ ፋሲካ ደርሷል፣ ኢየሩሳሌም በሰው ልትጨናነቅ ነው፣ አልዓዛር የተነሣባት ቢታንያም ከከተማዋ ብትርቅ ብትርቅ 3 ኪሎ ሜትር ነው። «ንጉሥ ተነሣ» የሚል ወሬ ከተሰማ ጦር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ70 ዓ.ም. የሮም ጦር አዛዥ ቲቶ መጥቶ ከተማዋን ሲያጠፋ፣ ቤተ መቅደሱም ሲቃጠል የፈሩት ደርሷል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እኔ ደግሞ ወደ እናትሽ አደላለሁ። «አገራችንን» የተባለው በግሪኩ «ስፍራችንን» ነው፣ ብዙዎችም ቤተ መቅደሱን ማለት ነው ይላሉ። የነሱ ወንበር ያለው እዚያ ነዋ! በዚያ ዘመን ሊቀ ካህናቱን የሚሾመውም የሚሽረውም የሮም ገዢ ነበር። ልብሰ ተክህኖው እንኳ በሮማውያን እጅ በምሽግ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥና በዓል ሲደርስ ይሰጠው ነበር። እስቲ አስቢው፣ እግዚአብሔር ፊት የምትቆሚበትን ልብስ ከወታደር ተቀብለሽ፣ በዓሉ ሲያልፍ መልሰሽ ስታስረክቢ። እንዲህ የሚኖር ሰው ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣል። ተአምሩን ደግሞ አልካዱም፣ ቁጥር 47 ላይ «ይህ ሰው ብዙ ምልክቶች ያደርጋል» ብለው በአፋቸው መስክረዋል። እንግዲያው ይህ ሰው ማነው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም የለም፣ ጭንቃቸው ሁሉ ምን እናጣለን ነው። ይኸው ምክር ነው የሕማማት ረቡዕ የጸናው። ዕለቱን ምክረ አይሁድ የምንለው፣ ረቡዕንም የምንጾመው ለዚያ ነው።

ኮቺ፦
መምህር ያሉት ልክ ነው፣ ግን «አይሁድ» ስንል ሕዝቡን ሁሉ አንድ ላይ አንጨፍልቀው። ቁጥር 45 «ከአይሁድ ብዙዎች በእርሱ አመኑ» ይላል። የተደናገጡት አለቆቹ ናቸው፣ የተደናገጡትም ሕዝቡ ስላመነ ነው። 12፥10ንም ጨምራችሁ አንብቡት።

የጅማዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። መምህር፣ የልብሱን ነገር ለእናቴ ሳነብላት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ እነሱም ታስረዋል ማለት ነው» አለች። 12፥10ን አሁን ገለጥኩት። አልዓዛርንም ሊገድሉት ተማከሩ? አራት ቀን መቃብር አድሮ የወጣውን ሰው? ሐሙስ ከዚህ ነው የምንጀምረው።