የአንገት ደም ቅዳ አልትራሳውንድ «የጎላ ጥበት የለም» ሲል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ግፊት እንዳለባት ከታወቀ 12 ዓመት ሆኗል። አምሎዲፒን ታዞላታል፤ ነገር ግን ደህና የሆነች ሲመስላት ስለምታቋርጠው ግፊቷ አንዳንዴ 160/95 ይደርሳል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የአንገቷ ደም ቅዳዎች በአልትራሳውንድ እንዲታዩ አዘዘላት። አብሬያት ገብቼ ነበር፤ ባለሙያዋ አንገቷን ጄል ቀብታ መሣሪያውን ከታች እስከ መንጋጋዋ ሥር ቀስ እያለች ስታሳልፍ የደሙ ፍሰት ሹ ሹ ሲል ይሰማ ነበር። ውጤቱ የግድግዳው ውፍረት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ በግራ በኩል ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ትንሽ ፕላክ መኖሩን፣ የጎላ ጥበት ግን አለመኖሩን ይገልጻል። እናቴ «ካልጠበበ ደህና ነኝ» ብላ መድኃኒቱን ለመተው ምክንያት አግኝታለች። እኔ ግን ስትሮክ ይመጣባታል ብዬ ሰግቻለሁ። ውጤቱን እንዴት ልረዳው? በየስድስት ወሩስ መደገም አለበት?

መልስ፦ በራዲዮሎጂ ክፍል ከሚሠራ

እግዚአብሔር ይማርልዎ። የሚለካው የደም ቅዳው ግድግዳ የሁለቱ ውስጠኛ ሽፋኖች ውፍረት ነው። ግፊት ለዓመታት ሲበረታ ግድግዳው ጫናውን ለመቋቋም ይወፍራል፤ የአውሮፓ የግፊት ሕክምና መመሪያዎችም ከ0.9 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ውፍረት የጉዳት ምልክት አድርገው ሲቆጥሩት ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ግድግዳው በዕድሜም ስለሚወፍር ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ፕላክ ግን ከዚህ ይለያል፤ ኮሌስትሮልና ሌሎች ነገሮች በአንድ ቦታ ተጠራቅመው ወደ ደሙ መተላለፊያ የገፋ እብጠት ነው። ጥበትን የምናውቀው በዶፕለር የደሙን ፍጥነት ለክተን ሲሆን፣ በውስጠኛው ካሮቲድ (ወደ አንጎል በሚሄደው የአንገት ደም ቅዳ) ፍጥነቱ በሰከንድ ከ125 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ቧንቧው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ እንደጠበበ እንጠረጥራለን። ስለዚህ የእናትዎ ውጤት ደሙ ሳይታገድ እንደሚያልፍ ያሳያል እንጂ ግድግዳው ጤነኛ ነው አይልም።

ውፍረቱ በዓመት የሚጨምረው በአማካይ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ገደማ ነው። መሣሪያውን የያዘው እጅ ትንሽ ሲያዘነብል የሚፈጠረው ልዩነት ከዚያ ስለሚበልጥ፣ በስድስት ወር መድገሙ ገንዘብዎን ከመጨረስ ያለፈ ጥቅም የለውም።

መልስ፦ ከውስጥ ደዌ ሐኪም

ባልደረባዬ በተናገሩት እስማማለሁ። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመሪያ የግድግዳን ውፍረት በመደበኛነት እየለኩ የልብ ሕመም ስጋትን መገመት አይመከርም ብለዋል። ፕላኩ ግን ችላ የሚባል አይደለም፤ ፕላክ በአንገት ከታየ በልብ ደም ቅዳዎችም ሊኖር ስለሚችል፣ ግፊቱን በመጀመሪያ ከ140/90 በታች፣ ከተቻላቸው ደግሞ ወደ 130/80 ማውረድ፣ ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት መጀመር እንዳለባቸውም ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የሽንት አልቡሚን (በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን)፣ የኩላሊት ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ካልተሠሩላቸው ከሌላ አልትራሳውንድ በፊት እነዚህ ይቅደሙ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም አንድ ዓይን በድንገት ከጨለመ፣ ምልክቱ ወዲያው ቢጠፋ እንኳ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን ስዊድን ከ3,500 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ የደም ቅዳቸው ምስል ከማብራሪያ ጋር ለራሳቸውና ለሐኪማቸው የተላከላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ የልብና የደም ሥር ሕመም ስጋታቸው ምስሉ ካልተላከላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሪፖርቱን ከማንበብ ይልቅ ምስሉን ያሳዩዋቸው።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ምስሉን አብረን አየነው። ፕላኩን ሳሳያት ዝም ብላ ቆየችና ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ «ይኼ እኔ ውስጥ ነው ያለው?» አለችኝ። ክኒኑን ከእራት በኋላ ወስዳለች፤ የስታቲኑን ነገር ሐሙስ በቀጠሮዋ ቀን እንጠይቃለን።