ታካሚ ሲረበሽ ማን ምን ያድርግ? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ባልደረቦች፣ ለአስተዳደሩ የምናቀርበው ረቂቅ እስካሁን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ «ስለ ተረበሸ ታካሚ አያያዝ ስልጠና ይሰጠን» የሚል። እሱ ብቻ ከሆነ ግማሽ ቀን አዳራሽ ተቀምጠን ሰርተፊኬት ይዘን እንወጣለን። ሌላ ምን ይግባ?

የውስጥ ደዌ ነርስ፦ ከምክንያቱ እንጀምር። «በሽተኛው አስቸገረ» ይባልና ማስታገሻ ይታዘዛል። ቀን ደህና የነበረ ሰው ማታ ካኑላውን (የደም ሥሩ ላይ የገባውን የመድኃኒት ቱቦ) ነቅሎ «ልሂድ» ካለ ግን ዴሊሪየም፣ ማለትም ከሕመም የሚመጣ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ሊሆን ይችላል። ኦክሲጅኑ ወይም ስኳሩ ወርዶ፣ ኢንፌክሽን ገብቶ፣ ሽንት ታግዶበት ይሆናል። ሽንት የታገደበት ሽማግሌ ሕመሙን መናገር ካቃተው ይታገላል እንጂ ምን ያድርግ? ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲገባለት ጸጥ ብሎ የሚተኛ ስንት አይተናል። ስለዚህ ከማስታገሻ በፊት ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን)፣ ስኳር፣ ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ ፊኛና ሕመም ይታይ። በግዴታ።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ቡጢ እየሰነዘረብኝ ጣቱን ወግቼ ስኳር ልለካ?

የውስጥ ደዌ ነርስ፦ ልክ ነሽ ሲስተር። «መለካት ካልተቻለ፣ እንደተረጋጋ ወዲያውኑ» የሚል እንጨምርበት።

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦ አልኮልም አይረሳ። መጠጥ የለመደ፣ ለስብራት የተኛ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል። ከባዱ ደረጃ ብዙውን ጊዜ መጠጥ ከቆመ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ለዚህ ዋናው መድኃኒት የነዳያዜፓም ወገን ነው፤ ለተረበሸ ሰው የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ብቻውን የሚጥል መንቀጥቀጥን አይከላከልለትም። ሲተኛ ስለ መጠጥ መጠየቅ ቅጹ ላይ ይግባልን።

የማታ ተረኛ፦ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ማታ ዋርዱን ሙሉ ይዤ አንድ ሰው ሲነሳብኝ ማን ነው የሚመጣልኝ? ጥበቃ እጠራለሁ፤ ወይ በር ላይ ይቆማል፣ ወይ እየጮኸ ይገባል። ሌላውም ይሰበሰባል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ «ተረጋጋ! ተረጋጋ!» እያለ ማን ይረጋጋል? እኔ የምፈልገው በየፈረቃው አስቀድሞ የተመደበ ቡድን ነው። አንድ ስልክ ቁጥር፣ ማን እንደሚመራ የታወቀ፣ ከታካሚው ጋር የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ። ይህ ካልገባ ለረቂቁ አልፈርምም።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፦ እኔም። ቀድሞ ለማወቅ ደግሞ ብሮሴት የሚባል መመዘኛ አለ። ስድስት ነገር ነው የሚያየው፦ ግራ መጋባት፣ ብስጩነት፣ ሁካታ፣ የቃል ዛቻ፣ አካላዊ ማስፈራራት፣ ዕቃ መምታት። ለቀጣዩ 24 ሰዓት የጥቃት ስጋትን ይጠቁማል፤ ርክክብ ላይ ለመሙላት ጊዜ አይፈጅም። ማሰርን በተመለከተ ጠንከር ብለን እንጻፍ። የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ያዘዘው ሐኪምና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ማንም በደረቱ ተደፍቶ አይያዝ፣ መተንፈስ ያቅተዋል። በየ15 ደቂቃው እጅና እግሩ ይታይ፣ ትንፋሹ ይቆጠር። «ታስሯል፣ አሁን ዐረፍን» ብሎ መሄድ ይቅር።

የውስጥ ደዌ ነርስ፦ ዴሊሪየም ላለበት አረጋዊ አስታማሚው አጠገቡ ይቆይለት። መነጽሩና ለመስማት የሚረዳው የጆሮ መሣሪያም መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ስለተመታችው ነርስስ? ከዚህ በፊት ስመታ መጀመሪያ የተጠየቅኩት «ምን ብለሽው ነው?» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ሪፖርት ያደርጋል? አጭር ቅጽ፣ የዚያኑ ቀን ምርመራና ሕክምና፣ ከፈለገችም ከፈረቃ መውጣት ይፈቀድላት።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ቀይሬዋለሁ። የፈረቃው ቡድን አንደኛ፣ የምክንያት ፍተሻው ሁለተኛ፣ ማሰር ሦስተኛ፣ ሪፖርት አራተኛ። ስልጠናው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ የሚሰለጥነውም ቡድኑ አብሮ፣ ጥበቃዎቹን ጨምሮ። የማታ ተረኛዋ የአንደኛውን አንቀጽ ጻፊልን። የመጠጥ ጥያቄውን ከፍተሻው ጋር አዋህዱት። እስከ ዓርብ ላኩልኝ፤ ሰኞ አስገባዋለሁ።

የማታ ተረኛ፦ ዛሬ ተረኛ ነኝ። ዋርዱ ከፈቀደልኝ ነገ ጠዋት ይደርስሃል።